ከሲኒማ ራስ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የሚል ካርድና የመታወቂያ ነገር

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ድሮው የተማሪ ኑሮ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ የአንድ ጓደኛዬ የተማሪ መታወቂያ ነው። በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ፎቶው የተለጠፈበትን ካርድ ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ደጋግሞ አየው። «ምን ሆንክ?» ብለው፣ «ከማትሪክ ካርዴ ሌላ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ይኼ ብቻ ነው» አለኝ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለታችንም የሲኒማ ራስ ልጆች ነን፤ እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እሱ መጥቶ። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ ሲኒማ ራስ ዛሬ ራስ ቴአትር የምንለው ነው፤ ሰፈሩ ግን አሁንም በድሮ ስሙ ይጠራል፣ የታክሲ ረዳቱም «ሲኒማ ራስ!» ብሎ ነው የሚጣራው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሰው ስትቀበል ኖራለች። አባቴ ተሸካሚ ነበር፣ እናቴ ድንችና ሽንኩርት መድባ ትሸጥ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ወላጆቹን አጥቶ በጭነት መኪና ከወሎ የመጣ ልጅ ነው። ግማሽ ቀን በፈረቃ ይማራል፣ ግማሽ ቀን አውቶቡስ ተራ ዕቃ ይሸከማል፣ ማታ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ያድራል። በዕድሜ ከእኛ ከፍ ይል ስለነበር «ወንድም ጋሼ» እንለው ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት ሲጀምር የተማሪው ብዛት 33 ነበር። አገሪቱ ከጦርነቱ ወጥታ የተማረ ሰው ያጣችበት ዘመን ስለነበር ተማሪው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ምግቡንና አልጋውንም ከመንግሥት ያገኝ ነበር። ይህንን አንዳንዶቻችን እንደ ንጉሡ ችሮታ እናወራዋለን። በእኔ ግምት ግን ቢሮውን የሚሞላለት ሰው የፈለገው መንግሥቱ ራሱ ነው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው የገበሬ ልጅ ደግሞ ካልበላ አይማርም። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ቁጥሩ እየጨመረ ነበርና ብዙም ሳይቆይ የአዳሪነቱ ነገር ማወዛገብ ጀመረ። አዳሪነቱ ሲቀነስ የአዲስ አበባው ልጅ ወደ ቤቱ ሄደ፣ የክፍለ ሀገሩ ልጅ ክፍል ተጋርቶ መከራየት ጀመረ። በ1958 ዓ.ም. ተማሪዎች ሾላ ውስጥ ለማኞችና ድሆች የታጎሩበትን ካምፕ ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ሰልፍ መውጣታቸውን ሳስብ፣ ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ በድሀ ቤት ያደጉ ነበሩ።

ያም ሆኖ ትምህርቱ በነጻ መሰጠቱ በንጉሡም በደርግም ዘመን ቀጥሎ እኛ ጋ ደረሰ። እኔ ከቤት እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። የአንበሳ አውቶቡስ ሳንቲም በጠፋ ቀን ከሲኒማ ራስ ፒያሳ፣ ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ በአፍንጮ በር ስድስት ኪሎ በእግር ነው። ጓደኛዬ ዘመድ እንደሌለው አመልክቶ ዶርም አገኘ። ሚል ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር የሚይዘው። «ሰው የጋበዘኝ ሳይሆን የራሴ የሆነ ምሳ» ይል ነበር። የካፌው ወጥ ቀጭን ነው እያልን ስናማርር እሱ አንድም ቀን አብሮን አማርሮ አያውቅም።

የመንግሥት ድጋፍ የማይደርስበት ቦታ ግን ነበር፤ ሀንዳውት፣ ልብስ፣ የታክሲ ሳንቲም። እዚህ ላይ የመርካቶ ሰው ይገባል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በአብዛኛው በመርካቶ ነጋዴና ሠራተኛ መዋጮ ወደ አገር ቤት መንገድ እንዳወጣ ይታወቃል። ያው የመዋጮ ልማድ በትንሹ እኛንም ነክቶናል። ከሲኒማ ራስ ማዶ የነበረ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ የሁለታችንንም የፎቶኮፒ ሂሳብ በደብተሩ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ክፈሉ አላለንም። «ጋሼ፣ ስንት ደረሰ?» ስንለው፣ «ስትመረቁ ትደምሩታላችሁ፣ ሂሳብ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ» ይለን ነበር።

ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የሆነውን ይህን መጽሔት ለሚያነብ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። ፖለቲካውን ሌሎች ጽፈውታል። እኔ የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግቢ ሲዘጋ ለድሀ ተማሪ የሚዘጋው ክፍል ብቻ አይደለም፤ ምሳው ነው፣ አልጋው ነው። ጓደኛዬ በዚያ ሳምንት አንድ ፌስታል ይዞ እኛ ቤት መጣ። አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት ነበር የምንተኛው፣ ስድስት ሆንን። እናቴ ምንም አልጠየቀችውም። «ልጄ፣ እግርህን ታጠብና ግባ» ብቻ ነው ያለችው። እሱም በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ተመልሶ ዕቃ መሸከም ጀመረ፤ ማታ የሚያመጣውን ሳንቲም እናቴ አልቀበልም ስትል ከሽንኩርቱ ስር ይሸጉጠው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. እኛ ስንወጣ የወጪ መጋራት ገባ። ደንቡ እንደሚለው ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል፤ መምህር የሚሆነው በአገልግሎት ይተካል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ከባድ አይመስልም፤ አስቀድሞ ክፈል የሚል የለበትም። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር የሚሉ መምህራን መልስ የሚገባው ነገር ነው የሚናገሩት። እኔ ግን የማውቀው እናቴ ወረቀቱን ስታይ የሆነችውን ነው። በ1998 ዓ.ም. እህቴ ስትገባ ውሉን ቤት ይዛው መጣች። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ዕዳ የሚለውን ቃል ግን ከአራጣ አበዳሪ ታውቀዋለች። «ልጄን አስይዤ አላስተምርም» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ እኔና ልብስ ሰፊው ተቀምጠን አስረዳናት። ለእሷ የገባት ልብስ ሰፊው «እንደ ዕቁብ ነው፣ አስቀድማ ደርሷት በኋላ የምትጥል ናት» ሲላት ነው። ቤተሰቡ ውስጥ የተማረ ሰው የሌለው ተማሪ ያን ወረቀት ማን እንደሚያስረዳለት አንድም ቦታ ሲጻፍ አላየሁም።

የጓደኛዬ ጉዳይ የመጣው ምረቃ ላይ ነው። ቴምፖውን ተቀበለ፣ የተማሪ መታወቂያውን መለሰ። በማግሥቱ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ የቀበሌ መታወቂያ አምጣ ተባለ። ቀበሌ ሄደ፤ ከመጣህበት መሸኛ አምጣ አሉት። የመጣበት ቦታ የሚያውቀው ሰው የለም፤ እሱም የቀበሌውን ስም አያውቀውም፣ ሲመጣ ልጅ ነበር። የቤት ቁጥር ሲጠየቅ የሚጠራው ቤት የለም። ዲግሪ ያለው፣ ግን የለህም የተባለ ሰው ሆኖ ሰባት ወር ቆየ። ያች የመለሳት የተማሪ ካርድ ለካ አራት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ሲያስቆመው፣ ፖስታ ቤት ሲሄድ ያቆመችው እሷ ነበረች። በመጨረሻ እናቴ በቤት ቁጥራችን ጥገኛ አድርጋ ልታስመዘግበው ተስማማች፤ ሦስት የሰፈር ሰዎች ቀርበው መሰከሩለት። ከሦስቱ አንዱ ልብስ ሰፊው ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን ተመላልሷል። ሥራ ተቀጥሮ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። ሦስቱ ምስክሮች ባይገኙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል፤ የፋይዳ ቁጥርም መጥቷል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው ኤርትራውያን ስደተኞች በዩኒቨርሲቲዎቻችን ገብተው ተምረዋል። ውጭ አገር ያላችሁ አባላት ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን ታውቁታላችሁ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ሰነድ የሌላቸው ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ሲወስን ውሳኔው ኮሌጅን አልነካም፤ ስለዚህ ልጁ 12ኛን እስኪጨርስ ተማሪ ነው፣ ከዚያ በኋላ እንደየግዛቱ ነው። የእኛው ተመራቂዎችም ልጆች በዚያ በር ላይ የቆሙ አሉ።

እዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲያችን ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከፍሎ የሚማርና በመንግሥት የሚደገፍ ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ማነው ድሀ የሚለውን የሚወስነው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ደግሞ ለማግኘት ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለማኅበራችን ያቀረብኩት ሐሳብ ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት የሚቀድም ነው። በየዓመቱ በምዝገባ ሳምንት ሬጅስትራር በር ላይ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ ውሉን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ፣ መሸኛ ላጣ ልጅ ወረዳ ድረስ አብሮ የሚሄድ፣ ሲያስፈልግ ምስክር የሚሆን አባል ይቀመጥበት። ግቢ ሲዘጋ ማን የት እንደሚያድርም ዝርዝሩ አስቀድሞ ይያዝ። ተረኞች የሚመዘገቡበት ወረቀት በዘንድሮው የመገናኛ በዓል መግቢያው ላይ ይገኛል። የመርካቶውን ወገን ለመሸፈን እኔና ጓደኛዬ ተመዝግበናል፤ ልብስ ሰፊው አርጅቷል፣ ግን ስልኩን ሰጥቶናል።