ከቁራኛ እስከ ደብተር

«በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል ቁራኛ ማን እንደነበር ልብ አንለውም። ቁራኛ ማለት ከሌላው ጋር አብሮ የታሰረ ሰው ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች እንደጻፉት፣ አበዳሪና ተበዳሪ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይዞሩ ነበር። ተበዳሪው ዋስ እስኪጠራ ወይም እስኪከፍል መላቀቅ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እቤት የቀረችው ሚስት ናት። ሰንሰለቱ አልነካትም፤ ዕዳው ግን ከጓዳዋ ነው የሚወጣው።

ዛሬ ሰንሰለቱ የለም፤ ቁራኝነቱ ወደ ትዳር ገብቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ20/80 ፕሮግራም 20 በመቶውን አስቀድሞ፣ 80 በመቶውን በየወሩ ለባንክ መክፈል ስንቱን ባልና ሚስት ለዓመታት አቆራኘ! ዕቁቡም ቢሆን ቀድሞ ለወጣለት ሰው ዕዳ ነው፤ ለዚህም ነው ዋስ የሚጠየቀው።

የማውቃቸው ባልና ሚስት መላውን ከደብተር አገኙት። የባንኩን፣ የዕቁቡን፣ የሱቁን ዱቤ ባንድ ገጽ ጻፉ። ደመወዝ በወጣ ቀን የባንኩና የዕቁቡ ይነሳል፤ ከተረፈው ትንሿ ዕዳ ትዘጋለች፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። አዲስ ብድር ያለምክክር የለም።

ለትዳር ጓደኛ ያልተነገረ ብድር ዕዳ ከሜዳ ነው። እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ደብተሩን አብራችሁ ክፈቱት።