ድልድይ ስንት ዓመት ይቀረዋል?

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ በ1887፣ ጦራቸውን ይዘው ወላይታ ዘመቱ፤ ካዎ ጦናም ተማረኩ። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ሰሞን ቢጀምሩም መንገዳቸው ለየቅል ሆነ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ሶዶ ግን እስከ ዛሬ ባቡር አላየችም።

ይህ ማለት ወላይታ ከባቡሩ ጋር አይተዋወቅም ማለት አይደለም። ብዙ የወላይታ ወጣት ሸንኮራ ሊቆርጥ ወንጂና መተሐራ ወርዷል። አዳማንና መተሐራን እያቆራረጠ የሚያልፈው ያው የጅቡቲ ባቡር ነበር። ስለዚህ ከሶዶ ሆኖ ስለዚያ ሐዲድ አሮጌ የብረት ድልድዮች መጠየቅ የሰው ቤት ጉዳይ አይደለም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ እነዚህ ድልድዮች ስንት ዓመት ይቀራቸዋል?

ሽቦ በእጃችሁ ሰብራችሁ ታውቁ ይሆናል። ስትስቡት እምቢ ይላል፤ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ስታጥፉት ግን ቀጭ ይላል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ የባቡር አክስሎችን ደጋግሞ በመፈተን ነገሩን በቁጥር አሳየ፦ ብረት አንዴ ሊሸከመው በሚችለው ጭነት፣ ከዚያም ባነሰ፣ ሺህና ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት ይሰበራል። ሸንኮራ ቆራጩ ተኝቶ ሲነሳ ድካሙ ይወጣለታል። ብረት ግን ቢያርፍም አይወጣለትም።

የድሮ ድልድይ ብረቶች የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በሪቬት ነው። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ሪቬቱ እሳት ላይ ቀልቶ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ በመዶሻ ይደፈጠጣል፤ ሲበርድ ይኮማተርና ብረቶቹን አንድ ላይ አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ያለው ቀዳዳው ዳር ነው፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ያውም ሪቬቱ ራስ ሥር ተደብቆ። መልካሙ ነገር ደግሞ አንድ ተሸካሚ ከብዙ ዝርግ ብረቶች መሠራቱ ነው። አንዱ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም፤ ለመርማሪ ጊዜ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ የወደቀው ሲልቨር ድልድይ ይህ ዕድል አልነበረውም። የአንድ ማያያዣ ብረት መሰንጠቅ ድልድዩን በሙሉ ጣለው፤ 46 ሰዎች ሞቱ።

መሐንዲሶች ቀሪ ዕድሜ ሲያሰሉ ወጪ ብቻ ያለበት የቁጠባ ደብተር እንደመያዝ ነው። እያንዳንዱ ባቡር ከዕድሜው ትንሽ ይቀንሳል። የተወሰደው ሁሉ ተደምሮ ደብተሩ ባዶ ሲሆን፣ በስሌት ዕድሜው አለቀ ይባላል። አቀናነሱ ግን እኩል አይደለም፤ በተለመደው ስሌት በብረቱ ላይ የሚያርፈው ውጥረት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ከልክ በላይ የተጫነ ባቡር የስምንቱን ያህል ይበላል ማለት ነው። ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ ብረቱ ይሳሳል፤ ሒሳቡም ይፋጠናል።

እዚህ ላይ ነው መሐንዲሱ ሳይወድ ታሪክ ጸሐፊ የሚሆነው። የሚመጣውን ለማወቅ ያለፈውን መቁጠር አለበት፦ በየዘመኑ ስንት ባቡር አለፈ? ምን ያህል ይመዝን ነበር? የጅቡቲው መስመር መጀመሪያ በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሠራ፣ በ1940ዎቹ ናፍጣ ገባ። ጣልያን በ1933 ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰ። በ1969 በሶማሊያ ጦርነት ዋዜማ ሌሎች ድልድዮች በፈንጂ ተመቱ። ስለዚህ ሐዲዱ አንድ ዕድሜ የለውም፤ እያንዳንዱ ድልድይ የራሱ የሕይወት ታሪክ አለው። በጥር 1977 ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ያኔ ጥፋቱ የብረት ድካም አልነበረም፤ ባቡሩ ኩርባውን በፍጥነት መግባቱ ነው። መዝገብ ከሌለ ግን ከዘመናት በኋላ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል?

ስሌቱ «አልቋል» ቢልም ድልድዩ ወዲያው ይፍረስ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ነገሩን በደረጃ ይወስደዋል። መጀመሪያ ሰነዱና ስሌቱ ይታያል፤ ካላጠገበ ድልድዩ ላይ መለኪያ ተለጥፎ እውነተኛው ውጥረት ይነበባል፤ ከብረቱም ናሙና ተቆርጦ ይፈተናል። በመጨረሻ ስንጥቅ ቢኖር በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ተሰልቶ፣ የምርመራ ቀጠሮው ከዚያ ቀድሞ ይያዛል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ አሮጌው መስመር ወደ ጎን ቀረ። ነገ ለቱሪስት እናስነሳው የሚል ይመጣ ይሆናል፤ ለቁርጥራጭ ብረት እንሽጠው የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ከመወሰናቸው በፊት የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፦ የጉዞ መዝገብ፣ የጭነት ደረሰኝ፣ የጥገና ደብተር። እነዚያ ወረቀቶች በምስጥ ከተበሉ፣ ብረቱ ቆሞም ዕድሜው ይጠፋል።

አንድ ቀን ሐዲድ ሶዶ ከደረሰ፣ ወይም ዛሬ ከባድ መኪና በሚያልፍባቸው የወላይታ ድልድዮች ላይ፣ መቁጠር የሚጀመረው ሲያረጁ አይደለም። የመጀመሪያው ጎማ ያለፈበት ቀን ነው።