በሰው መሣሪያ መሥራት፦ ከብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል እስከ ሰርቨር አልባው ክላስተር

የአዲስ አበባ የኮምፒውተር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የትኛው መሣሪያ በየትኛው ዓመት እንደ ገባ በመዘርዘር ነው፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው የማን ነበር፣ የት ተቀመጠ፣ ተጠቃሚውስ የከፈለው ለመሣሪያው ነው ወይስ ለሠራበት ጊዜ ብሎ መጠየቅ የበለጠ ነገር ይገልጣል። በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከዘነበወርቅ እስከ ዓለም ባንክ በተዘረጉት ሰፈሮች፣ ብዙ ነዋሪ ኮምፒውተርን መጀመሪያ ያወቀው በባለቤትነት ሳይሆን በሰዓት ኪራይ ነበር። ዛሬ በእነዚሁ ሰፈሮች የሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ሥራውን «ሰርቨር አልባ» በሚባለው አሠራር ለተጠቃሚ ሲያቀርብ፣ ይህንኑ የኪራይ ልማድ በሌላ መልክ ይቀጥላል።

ኮምፒውተር ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ መረጃን በተበሱ ካርዶች እየተቀበሉ ሒሳብ የሚያወራርዱት ትልልቅ መሣሪያዎች በጥቂት ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይገኙ ነበር። የመረጃው ባለቤት መሣሪያውን አይነካም ነበር፤ ወረቀቱን ለባለሙያዎች ያስረክባል፣ ተራው ሲደርስ የታተመውን ውጤት ይረከባል። በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዚህን ሥራ ስፋት ጨመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል ተቋቁሞ የሙያው ዕውቀት ማዕከላዊ ቦታ አገኘ።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ አገልግሎት ከተከፈተ በኋላ ግን መሣሪያው ወደ ሰፈር ወረደ። ኢንተርኔት ቤቶች፣ እንዲሁም የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዋና ዋና መንገዶችን ተከትለው ተስፋፉ፤ ደንበኛው የተቀመጠበት ጊዜ በደቂቃ እየተሰላ ይከፍላል፣ ለመሣሪያው ግዢ፣ ለጥገናውና ለመብራቱ ግን አያስብም ነበር። የአገልግሎቱ ወሰን በሕግም የተከለለ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ ማድረግን ከልክሎ ስለነበር፣ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ደንበኛው በመሣሪያው የሚሠራውን መከታተል ነበረበት። በዚያው አሥርት ዓመት የተዘረጋው ወረዳኔት ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር በማገናኘት፣ የመንግሥት ሥራም በሩቅ ማሽን መከናወን እንደሚችል አሳየ።

በሌላው ዓለም አንድን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው በጊዜ የማካፈል ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ታይቷል፤ ፕሮግራምን ከማሽን ወደ ማሽን በማዛወር ረገድ ወሳኙ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር የተባለው መሣሪያ ይፋ ሲሆን ነው። ዶከር አንድን ፕሮግራም ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ፋይሎችና ቅንብሮች ሁሉ ጋር በአንድ ላይ ያሽጋል፤ የታሸገው ቅጂ «ኢሜጅ»፣ ይህ ቅጂ በሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ «ኮንቴይነር» ይባላል። በኮልፌ መንገዶች ዳር ከብረት ኮንቴይነር የተሠራ ሱቅ ከነመደርደሪያው ተነሥቶ በሌላ ቦታ ሊተከል እንደሚችል ሁሉ፣ በላፕቶፕ ላይ የሠራው ፕሮግራምም ሳይፈታ በሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉግል ያስተዋወቀው ኩበርኔቲስ ደግሞ «ክላስተር» በሚባለው የኮምፒውተሮች ስብስብ ውስጥ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚሠራ እየወሰነ፣ የወደቀውን ያስነሣል፣ የበዛበትን ያባዛል።

ክላስተርን ማስተዳደር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ስለተገኘ፣ የአማዞን ፋርጌት እ.ኤ.አ. በ2017፣ የጉግል ክላውድ ራን በ2019 ይህን ሸክም ከደንበኛው ላይ አነሡ። «ሰርቨር አልባ» ማለት ሰርቨር፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር፣ የለም ማለት ሳይሆን፣ ሰርቨሩን መምረጥ፣ ማደስና መጠበቅ የአከራዩ ድርሻ ሆነ ማለት ነው። ለአጠና ተራ ነጋዴዎች የዕለት ዋጋ የሚያሳይ ቀላል ዌብ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ኢሜጁን ያዘጋጃል፣ ሬጂስትሪ ወደሚባለው ማከማቻ ይልካል፣ ከዚያም የሚፈልገውን ማኅደረ ትውስታና መተግበሪያው ጥያቄ የሚቀበልበትን ፖርት ያስታውቃል፤ አከራዩ የድር አድራሻ ይሰጠዋል። በክላውድ ራን ጠያቂ ሲጠፋ ኮንቴይነሩ ሊዘጋ፣ ክፍያውም ሊቆም ይችላል፤ በተዘጋው ኮንቴይነር ውስጥ የተጻፈ ነገር ግን አብሮ ስለሚጠፋ፣ ዋጋዎቹ በተለየ የመረጃ ቋት መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

የኢንተርኔት ቤቱና የክላስተሩ ልዩነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም የሚከፈለው ለጊዜው ቢሆንም፣ የመጀመሪያው አከራይ ጎረቤት ሲሆን የሁለተኛው ማሽን ከአገር ውጭ ነው። አማዞን በአፍሪካ የመጀመሪያውን የክላውድ ቀጠና፣ ማለትም የሚከራዩት ማሽኖች የሚገኙባቸውን የዳታ ማዕከላት ስብስብ፣ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 በኬፕታውን ስለሆነ፣ ከኮልፌ የሚነሣ ጥያቄ ባሕር ማዶ ባይሻገርም ከኢትዮጵያ መውጣቱ አይቀርም፤ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በውጭ አገር ያለ ሰርቨር ሥራውን ባያቆምም የአገር ውስጥ ተጠቃሚ ሊደርስበት አልቻለም። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ወደ ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ስለደነገገ፣ ማሽኑ የሚገኝበት አገር የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ሆኗል።

በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ የተከፈቱት የግል የዳታ ማዕከላትና ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም የሚያከራየው አገልግሎት ትርጉም የሚያገኙት በዚህ የታሪክ ሂደት ውስጥ ነው። ኪራዩን በብር መክፈል ያስችላሉ፣ መረጃውንም በአገር ሕግ ሥር ያቆያሉ፤ ከማሽኑ እስከ ኮልፌ ያለው መስመርና የመብራቱ አስተማማኝነት ግን ዛሬም፣ እንደ ኢንተርኔት ቤቱ ዘመን ሁሉ፣ ከተከራዩ ቁጥጥር ውጭ ናቸው። ሰርቨር አልባነት ከባለሙያው ትከሻ ያወረደው የማሽኑን ጥበቃ ብቻ ነው፤ የትኛውን አከራይ፣ በየትኛው አገር ሕግና በየትኛው ገንዘብ ብሎ መምረጥ አሁንም የራሱ የባለሙያው ሥራ ነው።