ዝም ያለ ወደ ቤቱ አይሄድም

ክሪሚኖሎጂ የሚያጠና ጓደኛ ካላችሁ ሎምብሮዞ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። ጣሊያናዊው ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛን ከመንጋጋውና ከግንባሩ ቅርጽ መለየት ይቻላል ብሎ ነበር። ዛሬ ተማሪ ሁሉ ይስቅበታል። ይሳቅበት! ግን የኛስ ሌባሻይ?

ለማታውቁት፦ ንብረት ሲሰረቅ ሌባሻዩ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣል። ልጁ ናላው ዞሮ ይሮጣል፤ ሌባሻዩም ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት ይዞ ከኋላው ይከተላል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። መቀነቱን ማን ወዴት እንደሳበው ማን ይጠይቃል?

አፈርሳታ ግን የዋዛ አይደለም። አውጫጭኝም ይባላል። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው እስኪጠቆም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው እንደቆመ፣ ከብቱ ጠባቂ እንዳጣ ቀኑ ይመሻል። ጨርሶ ካልተገኘም የጠፋውን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ፖሊስ በሌለበት አገር ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ መንደር የማያውቀው ነገር የለማ! እኔን የሚያሳስበኝ ግን መጤው፣ ዘመድ የሌለው፣ ከሰው የማይገጥመው ሰው ነው። ሕዝቡ ርቦት ወደ ቤቱ መሄድ ሲያምረው ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን ይመስላችኋል?

በ1949 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው ምሁር ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ (ረቂቁ በፈረንሳይኛ ነበር!)። ለኔ ትልቁ ለውጥ ግን እሱ ሳይሆን በ1954 የመጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የተያዘ ሰው ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ይህም እንዲነገረው ይደነግጋል። መንደሩን በሙሉ ሜዳ ላይ ያስውል የነበረው ዝምታ መብት ሆነ። ያውም በአንድ ጀንበር፣ በወረቀት ላይ።

በ1956 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ተመራቂው ችሎት ላይ የሚያገኘው ግን አፈርሳታ ተቀምጦ ያደገ ገበሬ ነው። ሁለቱ ስለ ዝምታ የሚያውቁት ለየቅል ነው።

ያለመናገር መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ውስጥም አለ። የወንጀል ሕግ የምታጠኑ ልጆች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ካጣችሁ እኔ አንድ አለኝ፦ ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ «ዝም ማለት መብትህ ነው» የተባለ ሰው፣ በልቡ ምን ይላል? አያቱን ያስታውስ ይሆን?