አምስት መቶ ሰው ያልሞላበት መንደር

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጌህሎር በምሥራቅ ሕንድ፣ በቢሃር ግዛት፣ በጋያ አውራጃ የምትገኝ የገጠር መንደር ነች። የአውራጃዋ ዋና ከተማ ጋያ ካልካታን ከዴልሂ በሚያገናኘው ትልቅ የባቡር መስመር ላይ ትገኛለች፤ አውሮፕላን ማረፊያም አላት። ከጋያ ወደ ኪዩል የሚሄደው ባቡር ደግሞ ለመንደሪቱ ቅርብ በሆነችው በዋዚርጋንጅ በኩል ያልፋል። ካርታውን ብቻ ላየ ሰው ጌህሎር መጓጓዣ የቸገራት አትመስልም።

ችግሩ በመሐል የተጋረጠው አለታማ ኮረብታ ነበር። ኮረብታውን ዞሮ ከአትሪ ወደ ዋዚርጋንጅ ለመድረስ 55 ኪሎ ሜትር መጓዝ ግድ ይል ነበር። ሐኪም ያለው ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ነው።

ዳሽራት ማንጂ ከዳሊቶች መካከል እጅግ ድሃ ከሆኑት ከሙሳሃሮች የተወለደ የመንደሪቱ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ ኮረብታውን ስታቋርጥ ወድቃ እንደተጎዳችና በወቅቱ ሕክምና ባለማግኘቷ እንደሞተች ይነገራል። ማንጂ ከ1960 እስከ 1982 ለ22 ዓመታት በመዶሻና በመሮ አለቱን ፈልፍሎ 110 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መተላለፊያ አወጣ። 55 ኪሎ ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 15 ወረደ። በ2007 ሲያርፍ የቢሃር መንግሥት በክብር ሸኘው፤ በ2016 በስሙ ቴምብር ታተመ። መተላለፊያው በወጉ መንገድ ሆኖ የተሠራው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መንግሥት ወደ ገጠር መንገድ በሰፊው የገባው በ2000 ነው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን በጠቅላይ ሚኒስትር ቫጅፓዬ ዘመን የተጀመረው የገጠር መንገድ መርሐ ግብር፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለማዳረስ የሕዝብ ብዛትን መለኪያ አደረገ። በሜዳማ አካባቢዎች 500፣ በተራራማ፣ በበረሃማና በጎሣ አካባቢዎች 250 ነዋሪ ያለው ሠፈር ይገባዋል፤ ቅድሚያው ከ1,000 በላይ ነዋሪ ላላቸው ነበር። ቁጥሩ የሚወሰደው ከሕዝብ ቆጠራ ነው። በ2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍም 25 ሺህ ሠፈሮችን በ62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ለማገናኘት ሲያቅድ የተመሠረተው በ2011 ቆጠራ ላይ ነው። በ2021 መካሄድ የነበረበት ቆጠራ ተላልፎ ለ2027 ተቀጥሯል።

በ2011 ቆጠራ የሕንድ ገጠር ነዋሪ 833 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይህን ለሚያህል ሕዝብ መንገድ የሚሠራ መንግሥት ከአንድ ቦታ መጀመር አለበትና መለኪያ ማውጣቱ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ቁጥሩ ነዋሪውን እንጂ ርቀቱን አይነግረንም። በሜዳ ላይ ያለ 499 ሰው የሚኖርበት ሠፈር በአንድ ሰው ጉድለት ከመስመር ይወጣል፤ ከተቆጠረ በኋላ የተወለዱት ሕፃናትም እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ በሕግ ፊት የሉም።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 የሂማቻል ፕራዴሽ ግዛትና ኡሜድ ራም ሻርማ በተከራከሩበት ጉዳይ፣ በጀት መደልደል የአስፈጻሚው ሥራ መሆኑን ሳይክድ፣ ለተራራ ነዋሪ መንገድ ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተጠበቀው የሕይወት መብት አካል ነው ሲል ወስኗል። የሕይወት መብት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠ እንጂ 500 ሰው ሲሞላ የሚጀምር አይደለም። ስለዚህ የነዋሪው ብዛት የትኛው ሠፈር እንደሚቀድም ይወስን እንጂ የትኛው እንደሚቀር ሊወስን አይገባም። ከሰው ብዛት ጎን ለጎንም እስከ ሐኪም ቤት ያለው ርቀት ይለካ። በጌህሎር ይህን ርቀት የለካው አንድ የቀን ሠራተኛ ብቻ ነበር።