የመሰላሉ የታች እርከን

በ1949 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አለን ግሪንበርግ ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ኒውዮርክ ገባ። የኦክላሆማ ልብስ ነጋዴ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ የዎል ስትሪት ባንኮች ሰው የሚመርጡት ከእነ ሃርቫርድና ዬል፣ ያውም በትውውቅ ነበር። ለአይሁዳዊ ደግሞ የብዙዎቹ በር ዝግ ነው።

የተቀበለው ቤር ስተርንስ፣ ራሱም ከታላላቆቹ ተርታ ያልነበረ ድርጅት ነው። በሳምንት 32.50 ዶላር ተራ የቢሮ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረው። በ1978 ግሪንበርግ የድርጅቱ መሪ ሆነ። ለሠራተኞቹ በሚጽፋቸው ማስታወሻዎችም ከማስተርስ ዲግሪ ይልቅ ድሃ፣ ብልህና ሀብታም ለመሆን የቆረጠ ሰው እንደሚፈልግ አሳወቀ። በ1993 የተካው ጄምስ ኬይንም ፐርዱ ዩኒቨርሲቲን ሳይጨርስ የወጣ ነበር።

ታሪኩ ግን የጀግና ተረት አይደለም። በመጋቢት 2008 ቤር ስተርንስ ከቤት ብድር ጋር በተያያዘ ኪሳራ ወድቆ ለጄፒ ሞርጋን ተሸጠ። ርሃብ በር ያስከፍታል እንጂ ቤት አይጠብቅም።

ሆኖም ግሪንበርግን ያወጣው ችሎታው ብቻ አልነበረም፤ ከታች የሚጀመርበት ወንበር ስለነበረ ጭምር ነው። ዛሬ ባንኮቹ በአብዛኛው የሚቀጥሩት ገና ተማሪ ሳሉ እነሱ ዘንድ የሥራ ልምምድ ያደረጉትን ነው፤ ምልመላውም የሚያተኩረው በተመረጡ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነው። ስማቸው ካልገነነ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡ ጎበዞች አልጠፉም፤ የጠፋው የመሰላሉ የታች እርከን ነው።