ከአራት ኪሎ ጫጫታ ጀርባ፦ የቅድስት ሥላሴ መካነ መቃብር

እኛ ዘንድ መቃብር ቦታ የሚኬደው ለቀብር፣ ለሙት ዓመት ወይም ሐውልት ለማስመረቅ ነው። «መንፈሴን ላሳርፍ መቃብር ሄድኩ» የሚል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። በበኩሌ ግን አዲስ አበባን ለሚጎበኝ እንግዳ ከፓርላማው ብዙም የማይርቀውን የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አስቀድሜ እጠቁማለሁ።

ካቴድራሉ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ ከድል በኋላ የተጠናቀቀ ነው። በውስጡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ጎን ለጎን አርፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸው ያለፈው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሆን እዚህ የተቀበሩት ግን ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሩብ ምዕት ዓመት የፈጀ ቀብር!

እንደ ሕግ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ የምቆመው በስድሳዎቹ ባለሥልጣናት መታሰቢያ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት መካከል አብዛኞቹ በደርግ ውሳኔ የተረሸኑ ናቸው። ክስ አልተነበበላቸውም፣ ጠበቃ አልቆመላቸውም፣ ይግባኝ የሚሉበት ችሎትም አልነበረም። ከእነርሱ አንዱ፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ፈረንሳይ ሕግ የተማሩ ሰው ነበሩ። አጽማቸው እዚህ ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የደርግ ባለሥልጣናት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት ደግሞ በ1999 ዓ.ም.፣ ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ ነው። እነርሱ ጠበቃ ነበራቸው። የሕግ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቢያሳልፉ አይከፋም።

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት በ1953 ዓ.ም. ያረፈችው እንግሊዛዊት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት አለች። ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ጥላሁን ገሠሠና አፈወርቅ ተክሌም እዚሁ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም እንዲሁ። በሕይወት ሳሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ ተብለው የማይታሰቡ ሰዎች አንድ ግቢ ይጋራሉ።

ለመሄድ የሚመረጠው የሥራ ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ቀብር ከገጠመዎትም ለለቀስተኞች ቦታ ይልቀቁ። ካቴድራሉ ውስጥ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ። ፎቶግራፍ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። አስጎብኚ ካገኙም ዋጋውን ከጉብኝቱ በፊት ይነጋገሩ።